ቆላ ላይ የተነቀለው ካንዴላ

«ሜካኒኩ የለም እንዴ?» አለኝ ሰውዬው፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ። ክንዴ እስከ ክርኔ ግሪስ ነው፣ በቀኝ እጄ ካቻቢቴ ይዣለሁ። «ቆሜያለሁ እኮ» አልኩት። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወንድ ፈለገ። ሲያጣ ሞተር ሳይክሉን እያቅማማ ወደ ውስጥ ገፋው።

ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር አውርጄ የታችኛውን ክዳን ስከፍተው የከረመ ቤንዚን ሸተተኝ። አዲስ ቤንዚን አፍንጫ ይወጋል፣ የከረመው ግን ይጎመዝዛል፣ እንደ ቀለም ይከብዳል። ያ ሽታ ደሴ መሆኔን አስረሳኝ። እጄ ሥራውን አላቆመም። እኔ ግን መካነ ሰላም ነበርኩ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጣሪያዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ በሆነች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምስማር ቀዳዳዎቹ እየገባች መሬቱን በብርሃን ታዥጎረጉረው ነበር።

የጋራዡን ባለቤት ጋሼ እላቸው ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ የትም አላስገባኝም ነበርና ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ ብዬ በራሴ እግር ሄጄ ነው «ያስተምሩኝ» ያልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ የዛገ ብሎን የሞላበት ጣሳ ሰጡኝና «መጀመሪያ እነዚህን ለይ» አሉኝ። ለየሁ። በማግሥቱም መጣሁ።

እናቴ አልወደደችውም። እህቴ ዓረብ ሀገር ናት፣ የእኔም ፓስፖርት ወጥቶ እናቴ ሳጥን ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። «እሳቸው ጋ እስካለሽ ድረስ ዝም እልሻለሁ» አለችኝ። «ከዚያ ተባረሽ የመጣሽ ቀን ግን እህትሽ ጋ ነው፣ ነግሬሻለሁ።» እኔ ደግሞ የሰው ሰሃን ለማጠብ ባሕር መሻገር አልፈልግም ነበር። አልፈልግም፣ በቃ። ስለዚህ ያቺ የቆርቆሮ ጋራዥ ሀገሬ ነበረች ማለት ነው።

ጋሼ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው። «ደንበኛ ፊት አታርሚኝ። ደንበኛው ሲሄድ ከፈለግሽ ስደቢኝ።»

ይህን ሕግ ያፈረስኩት በሎሚ ነጋዴው ሞተር ነው።

ሎሚ ነጋዴው ቀጭን፣ ለፍላፊ ልጅ ነበር። ከዓባይ በረሃ ሎሚ እየጫነ ቅዳሜ ገበያ ያደርሳል። ሞተሩን ብታዩት ሠሪው ፋብሪካ ልጄ አይለውም። ከኋላ በብየዳ ተረዝሟል። ለጆንያው ማንጠልጠያ ቦታ ሲፈለግ የአየር ማጣሪያው ከነቤቱ ተነቅሎ ተጥሏል። የጭስ ማውጫው ሆድ ዕቃው ወጥቷል። ካርቡራተሩ ከሌላ ትልቅ ሞተር የተወሰደ ነው። ከተማ ውስጥ እንደ አንበሳ ያገሳል። ቆላ ወርዶ ጭኖ ሲመለስ ግን ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይግላል፣ ሁልጊዜ አንዲት መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ይሞታል። ሎሚው እዚያው ፀሐይ ላይ ይበስላል።

ጋሼ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ነቀሉና አዩት። ጥቁር፣ ጥላሸት የለበሰ። «ቤንዚን በዝቶበታል፣ ጠግቦ ነው የሚያንቀው» አሉ። ካርቡራተር ውስጥ በመሃሏ የፀጉር ያህል ቀዳዳ ያላት የናስ ብሎን አለች፤ ሞተሩ ሲሮጥ ቤንዚኑን የምትመጥነው እሷ ናት። መካነ ሰላም መለዋወጫ እስኪመጣ ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅ የለምና ጋሼ ቀዳዳዋን በቀለጠ እርሳስ ይደፍኑና ከገመድ ሽቦ በመዘዙት አንድ ቀጭን ክር መልሰው ይበሷታል። አጠበቧት። ልጁ ቆላ ወረደና ብሶበት መጣ። ካንዴላው አሁንም ጥቁር። እንደገና አጠበቧት። ባሰበት። ሦስተኛ ጊዜ አጠበቧት።

ጋሼ ሥራ አያውቁም እያልኩ አይደለም። የካቻቢቴ ጫፍ ሞተር ላይ አሳርፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ የትኛው የማርሽ ጥርስ እንደተበላ ከውጭ የሚነግሩ ሰው ነበሩ። ግን ዕድሜ ልካቸውን ሞተር የሞከሩት ከጋራዡ በር እስከ መስጊዱ፣ ከመስጊዱ እስከ ጋራዡ በር ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን ቆላ ወርጄ ልየው?» አልኳቸው።

«ሞተር ሞተር ነው፣ ቆላ ደጋ አያውቅም። ደግሞስ ሴት ልጅ ሰው ኋላ ተፈናጥጣ ዓባይ በረሃ ትወርዳለች? እናትሽ እኔን ነው የምትገድለኝ።»

ጋሼ ለቅሶ ሊደርሱ ከላላ ወረዳ የሄዱ ቀን ከልጁ ኋላ ተፈናጥጬ ወረድኩ።

ጠዋት ደጋው ላይ ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ነበር። ስንወርድ፣ ስንወርድ፣ አየሩ እየወፈረ፣ እየሞቀ፣ ጆሮዬ እየተደፈነ እየተከፈተ ሄደ። ታች ሎሚው ተጫነ። በግራና በቀኝ በተንጠለጠሉት ጆንያዎች መሃል ተሰንቅሬ ተቀመጥኩ። ቅጠሉ ገና ያልረገፈ ሎሚ ሽታው ምራቅ ያስውጣል። ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ደህና ነበር። ከዚያ ጋዙን እስከ መጨረሻው ሲሰጠው ማቃሰት ጀመረ፣ የጋለ ብረት ሽታ ከእግሬ ሥር መጣ።

የጎን ሽፋኑ የለም፣ የካርቡራተሩ አፍ ጭኔ ሥር ክፍት ነው። ጎንበስ ብዬ መዳፌን ደቀንኩና ግማሹን አፉን ሸፈንኩት። አየር ከቀነስኩለት ቤንዚኑ ይበረታል፤ ጠግቦ የታነቀ ከሆነ እዚያው ፀጥ ይላል፣ የተራበ ከሆነ ደግሞ ነፍስ ይዘራል።

ነፍስ ዘራ! ወደ ፊት ተወረወርን። መዳፌ ላይ ቤንዚኑ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

«ምን አደረግሽው?» ብሎ ጮኸ ልጁ። «እጅሽን እዛው ተዪው!»

«እስከ መካነ ሰላም?»

«ተዪው ስልሽ! ግን ሰው ሲያልፍ አንሺው፣ ዛሬውኑ ኒካህ እሰሩ ይሉናል።»

መታጠፊያዋ ጋ ስንደርስ እጄን አነሳሁ። ሞተሩ ሞተ። «እንዳታስነሳው» አልኩትና እየፈጀኝ እዚያው በጨርቅ ይዤ ካንዴላውን ነቀልኩ። ጥላሸት የሚባል የለበትም፤ እንደ ኖራ ነጭ ነው፣ የተራበ ሞተር ካንዴላ።

ካንዴላ የሚናገረው የመጨረሻውን መንገድ ብቻ ነው። ሞተር በዝግታ ሲሄድ ቤንዚን የሚጠጣበት ቀዳዳ ሌላ፣ ሲሮጥ የሚጠጣበት ሌላ ነው። ልጁ ሞተሩ ሲበርድ አስነስቶ፣ ከተማ ገብቶ፣ በገበያው ሰው መሃል እየተንቀራፈፈ ጋራዡ በር ላይ ሲያቆም፣ ጋሼ የሚነቅሉት የመንቀራፈፉን ጥላሸት ነው። ወፍራሙ የቆላ አየር ደግሞ ከደጋው የበለጠ ቤንዚን ይፈልጋል። እኛ እየቀነስንበት ነበር። ሌላ ካንዴላ ከኪሴ አውጥቼ አሰርኩለትና ነጩን በመሀረብ ቋጠርኩት።

(ደሴ፣ ባለሞተሩ ሰውዬ አሁንም አጠገቤ ቆሟል። «ቤንዚኑ ቆየ እንዴ?» ይላል። «ቆየ» አልኩት።)

ላድርግ ያሰብኩት ልጁ ሲሄድ ለጋሼ ለብቻቸው ማሳየት ነበር። ወላሂ አስቤ ነበር። በማግሥቱ ግን ልጁ ገና ሞተሩን እንዳቆመ፣ ጋሼ ካንዴላውን ነቅለው ጥቁሩን አዩና የናሷን ብሎን ይዘው እርሳሱን ማቅለጥ ጀመሩ። አራተኛ ጊዜ። በሩ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ሻይ ይጠጣሉ። ከዚህ በላይ ከጠበበች ፒስቶኑ ይቀልጣል፣ ልጁም ሌላ እንጀራ የለውም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም።

«ጋሼ፣ አይድፈኗት» አልኩ።

ቀና አሉ።

«ተሳስተዋል።»

ሽማግሌዎቹ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። አንደኛው «አንቺ ልጅ፣ በስማም!» አለ። ልጁ የጫማውን ጫፍ አየ። መሀረቡን ፈትቼ ነጩን ካንዴላ ጋሼ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አገላበጡ፣ አሸተቱት።

«የት ነው የነቀልሽው?»

«የሞተበት ቦታ። ዳገቱ ላይ።»

«ከተማ ድረስ አልነዳችሁትም?»

«ብንነዳው ይጠቁር ነበር። እርስዎ የሚያዩት የከተማውን ጥላሸት ነው።»

እርሳሱ ምድጃው ላይ ቀልጦ እንደ መስታወት ያበራል። እኔ በዚያች ሰዓት የሚታየኝ የእናቴ ሳጥን ነበር፤ ክዳኑ ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።

ጋሼ ምድጃውን አጠፉ። የናሷን ብሎን እጄ ላይ አስቀመጡና የሽቦ ክሮቹን ጣሳ ወደ እኔ ገፉት።

«ወፈር ያለ ምረጪ» አሉኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ ሁለቱንም ጆንያ ጭኖ በሩ ላይ ጡሩንባውን ነፋ። «ያቺን መታጠፊያ እኮ ሳላያት አለፍኳት!» ከተማ ውስጥ ትንሽ ያጨስ ነበር። ያጭስ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በቀስታ ሆነ። ልጁ አፉ አያርፍም፣ ቆላ ለቆላ አወራ። ሞተር ይዞ የሚመጣ ሁሉ ከጋሼ ጋር ሰላምታ ይለዋወጥና «ልጅቷ ትየው» ይል ጀመር። መጀመሪያ ጋሼ ይስቁ ነበር። ኋላ እነሱ ሳይጠይቁ «እሷ ትየው» ማለት ጀመሩና በሩ ላይ ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ይቀመጣሉ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ፊታቸውን ዞሬ አላየሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ሲመለሱ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ደሴ አብሮኝ የሠራ ሰው አለ። ትልቅ ጋራዥ ነው። ነግሬዋለሁ።»

«እያባረሩኝ ነው?»

«ያለኝን ጨርሰሻል፣ ልጄ።»

«እናቴን ምን ልበላት?»

«ትናንት ቤታችሁ ሄጄ ነበር። ሥራ አላት፣ ባሕር ማዶ የሚያስኬዳት ነገር የለም አልኳት። አለቀሰች፣ ግን እሺ ብላለች። አብሽሪ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ደጋ ላይ የሚሄድ ሞተር አላጣም» አሉና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

በማግሥቱ ንጋት ላይ ቦርሳዬን አንግቤ ስመጣ ጋራዡን ከፍተው ነበር። ጎማ እየፈቱ ነው፤ ቀና አላሉም።

«ሹራብ ይዘሻል? መንገዱ ይበርዳል።»

«ይዣለሁ።»

«ስትደርሺ ደውዪ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

አንዱ ብሎን እንቢ ብሏቸው ይታገሉታል። ቦርሳዬን ላስቀምጥ ስል በእጃቸው «ሂጂ» አሉኝ። የደሴው ሚኒባስ ጡሩንባ ነፋ። ተሻግሬ ገባሁ፣ በሩንም እኔው ዘጋሁት።