ስልኬ ቡልቡላ ላይ የተዘጋባት እሑድ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኬን ተቀብሎ ሲነካካ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ የት እንዳሉ ሁላችንም ካርታ ላይ እናይዎታለን። አይጠፉብንም» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ የቀረኝ መዝናኛ መጥፋት ብቻ መሆኑን ማን ይንገረው? ልቆጣው ስል ግን ሳቄ ቀደመኝ፤ የጎረምሳነቴ አንዲት እሑድ ትዝ አለችኝ።

ጎረምሳ ስል፣ አምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። አትሳቁ፤ ለአንዳንዱ ሰው ወጣትነት ዘግይቶ ይደርሳል። ቦሌ ማታ ሜዳ ሆኖ ያደረው ጠዋት ፎቅ የሚሆንባት ዘመን ነበረች። እኔ እዚያው ቦሌ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር የአንድ ድርጅት ሾፌር፣ ያውም ወንደላጤ ነበርኩ። ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ጫልቱ የምትባል የቡልቡላ ሴት ወድጄ፣ በርበሬ የምገዛ መስዬ እያሸተትኩ ሳስነጥስ ከረምኩ። ስትስቅብኝ ቆይታ በመጨረሻ፣ «ሽማግሌ ላክ፤ ሳንባህ ሳያልቅ» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ድርጅቱ ዘመናዊ ስልክ አደለን። ያደለን ጎልማሳ ግማሹን በእንግሊዝኛ እያስረዳ፣ ከተከለለው ቦታ ስንወጣ ስልኩ እንደሚዘጋ ነግሮናል። እኔ «ገብቶኛል» አልኩ። የገባኝ የስልኩ ማማር ብቻ ነበር። አሮጌዋን ባለ ቁልፍ ስልኬን ቤት ጥዬ፣ ለሽማግሌዎቼ አዲሱን ቁጥር ሰጠሁ።

ክረምቱ እየወጣ ነበር። ገብስ ይዘራበት የነበረው የቡልቡላ መሬት ላይ ኮንዶሚኒየሙ በእንጨት ተደግፎ ቆሟል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴና ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ጫልቱ አባት ግቢ ገቡ። አግቢው በዚያ ቀን ደጁን አይረግጥምና፣ እኔ እሸት በቆሎ ከምትጠብስ ሴት ዘንድ ቆሜ ቀረሁ። ስልኬን ባወጣው የቁልፍ ሥዕል ወጥቶበታል። ብጫነው፣ ባሻሸው፣ በእግዜር ስም ብለምነው አልከፈት አለ። የራሴ እሑድ፣ የራሴ እግር፤ ስልኩ ግን ድንበር ጥሰሃል ብሎኛል።

ድንገት ጮኸ። አለቃዬ ለተብርሃን ነበረች፤ ለካ ሲዘጋም የእሷን ጥሪ ያሳልፋል።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ስልክዎ ከተከለለለት ቦታ ወጥቷል የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሰላም ነዎት?»

«ሽማግሌ ልኬ ነው፣ ልጄ። ገብተው ዘገዩብኝ፤ ስልኩም አሰረኝ።»

«ውይ! ቁጥራቸውን ይንገሩኝ።»

የጋሽ ወልዴን ቁጥር በቃሌ ነገርኳት። ዘግታ ደወለችላቸውና ወዲያው መልሳ ደወለችልኝ።

«ሊደውሉልዎ ደጋግመው ሞክረው ነበር። አባትየው ዝምድና እንዳይኖር ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ብለዋል። ሽማግሌዎቹ አያትዎ ላይ ቆመዋል። አባትየውም፣ ‹ዘሩን ለማታውቁት ሰው ልጄን ልትጠይቁ መጣችሁ?› ብለው ተነሥተዋል።»

በቆሎው ከእጄ ወደቀ። እዚያው ጭቃ ላይ ቆሜ አያት ቅድመ አያቶቼን እየቆጠርኩ ነገርኳት።

«ቆይ፣ አምስተኛውም ደስታ፣ ሰባተኛውም ደስታ?»

«ልጄ፣ የእኛ ቤት ደስታ በስም ብቻ ነው የነበረው። እባክሽ ፍጠኚ!»

ሳቋን ሳትጨርስ ዘጋች። ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ወልዴ ኮፍያቸውን እያውለበለቡ ከግቢው ወጡ። በቆሎ ሻጯ ከእኔ ቀድማ እልል አለች።

ሰኞ ጠዋት ለማመስገን ወደ ለተብርሃን ገባሁ። እሷ ግን አቀርቅራ ነበር።

«ስልክዎ ላይ ያለውን ክልል አስነሥቻለሁ፤ የሌሎቹንም። እሑድ የት እንደዋሉ ማየት የእኔ ሥራ አይደለም፣ ጋሽ ታፈሰ።»

«የት እንዳለሁ ስትፈልጊስ?»

«እጠይቅዎታለኋ!»

ያ የስልክ አጥር ሚስቴን ሊያሳጣኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የዳንኩት በሰው ነው፤ ማየት እየቻለች መጠየቅን በመረጠች ልጅ። እስከ ዛሬ ስሟን ሳላነሣ ጸሎቴን አልጨርስም።

ለእህቴም ልጅ ይህን ነግሬ ካርታውን አስጠፋሁት። በማግሥቱ ወደ ሾላ ወረድኩ፤ ጫልቱ መሸጥ ካቆመች ቆይታለች፣ እኔ ግን የቆመችበትን ቦታ ማየት አልተውኩም። ደወለች።

«አንተ ሰውዬ፣ የት ነህ?»

«ቤተ ክርስቲያን» አልኩና አስነጠሰኝ።

«ይማርህ! በል ከሾላ ስትመጣ ኮረሪማ ያዝልኝ።»