የሳጥኑ ሁለተኛዋ ሴት

የሰፈራችን ልጆች የጅብና የቀበሮ ተረት እየሰሙ ሲያድጉ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ የሰማሁት የአንድ ሳጥን ታሪክ ነበር። የምትነግረኝ የአባቴ እህት ከድጃ ናት። እናቴ ስትሞት እኔን ልታሳድግ መጥታ ሐይቅ ከተማ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ስለሆነ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መረቡን ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ቤቱ ለሁለታችን ይቀራል። ያኔ ከድጃ ኩራዙን ለኩሳ ግድግዳው ላይ ትሰቅልና፣ ምድጃው ውስጥ የቀረውን ፍም እየቆሰቆሰች፣ ጭሱ ያስለቀሰውን ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ትጀምራለች።

ሳጥኑ ሴት በመጋዝ ለሁለት የምትቆረጥበት የምትሀት ሳጥን ነበር።

«የፈለሰፉት ባሕር ማዶ ያሉ ፈረንጆች ናቸው» ትለኛለች። «መጀመሪያ ድፍን ነበር። ሴትዮዋን እጅ እግሯን በገመድ አስረው ያስገቧትና ክዳኑን ይቸነክሩታል። ከዚያ መሐል ለመሐል በመጋዝ ይከፍሉታል።»

«አትሞትም?»

«ምን በወጣት! ጉልበቷን አጥፋ አንዱ ጎን ትኮማተራለቻ።»

ሰው ግን ጥቂት ዓመት እንዳየው ማጉረምረም ጀመረ፤ ውስጡ መኖሯን በምን እናውቃለን አለ። ስለዚህ ሌላ ምትሀተኛ ተነሣና ራሷ በአንዱ ጫፍ፣ እግሯ በሌላው ጫፍ ብቅ እንዲል አድርጎ አሠራው። አሁን ተመልካቹ ሴትዮዋ ስትስቅ ያያል፣ የእግሯ ጣቶች ሲነቃነቁ ያያል፣ መጋዙም በመሐሏ ሲያልፍ ያያል። ይህን ሳጥን አንድ ጣሊያናዊ አስመራ ላይ ሲያሳይ የተመለከተ ታደለ የሚባል ወጣት እንቅልፍ አጥቶ ከረመ፣ ምስጢሩንም ደረሰበት። አናጢ ፈልጎ በዝግባ ጣውላ አሠራው፤ ዝግባው ከብዶ ተሸካሚ ቢያስቸግረው ከአሮጌ የሆስፒታል አልጋ ጎማ ነቅሎ ገጠመለት። ሳጥኑ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ወፍራም መሆኑ እንዳይታወቅበት ጠርዙን ጥቁር ቀለም ቀባው። እንዲህ እያለ ሳጥኑ በየዓመቱ ይለወጥ ነበር፤ ከድጃም በየማታው አንዱን ለውጥ ብቻ ትነግረኝና «የቀረው ለነገ» ብላ ታስተኛኛለች።

ጠረጴዛው ለምን ወፍራም እንደሆነ የነገረችኝ ቆይታ ነው። ከሳጥኑ ብቅ የሚለው ራስ የአንዲት ሴት ነበር፣ እግሩ ደግሞ የሌላ። ክዳኑ ሲዘጋ የፊተኛዋ ጉልበቷን ታጥፋለች፤ በጠረጴዛው ሆድ ውስጥ ተደብቃ የቆየችው ሁለተኛዋ ደግሞ እግሯን ቀስ አድርጋ ወደ ውጭ ትሰዳለች።

«ያቺ እኔ ነበርሁ» አለችኝ።

ጋሼ ታደለ ደሴ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ስትሠራ ነው ያገኛት። እግሯን በክር ለክቶ፣ ከረዳቱ ከሰናይት እግር ጋር ትክክል ሲሆንለት፣ ምስጢሩን ላታወጣ አስምሎ ወሰዳት። ተመልካች ሳይገባ ጠረጴዛው ውስጥ ትተኛለች፤ የምትወጣው ተመልካች ሁሉ ሄዶ ሲያልቅ ነው። ድሬዳዋን፣ ጅማን፣ አስመራን እንዲህ ዞረቻቸው። አብሯቸው የሚዞረው አዝማሪ በማሲንቆው የባቲን ቅኝት ሲመታ፣ ሰው ሲስቅ፣ መጋዙ ሲንገጫገጭ ትሰማለች፤ የመጋዙ ብናኝ ፊቷ ላይ ይወርዳል፣ ማስነጠስ አይቻልም። መጋዙ ሲያልፍ ሰናይት ከላይ በጠባቡ ክፍተት እጇን ታወርድና ፀጉሯን ትነካታለች። «ያቺን እጅ ብዬ ነው የቆየሁት ወላሂ» ትለኝ ነበር። ትርዒቱ ሲያልቅ ጭብጨባው ለሰናይት ነው። ማታ ግን አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ጎህ እስኪቀድ ያወራሉ።

አብዮቱ ሲመጣ ሰዓት እላፊ ታወጀና የማታ ትርዒት ቀረ። ሰናይት እናቷ ዘንድ አዲስ አበባ ቀረች፤ እናቴ የሞተችው በዚያው ሰሞን ነበርና ከድጃ ወደ እኛ መጣች። የሐይቅ ሰው «ከአዝማሪ ጋር ስትዞር ኖራ» ይላት ነበር እንጂ ምን ትሠራ እንደነበር የሚያውቅ አልነበረም። ብትናገርስ ማን ያምናታል፤ ፊቷን አይቶ የሚመሰክርላት አንድ ተመልካች የለም። ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ትለዋወጣለች፣ ለቅሶም ሠርግም ትደርሳለች፣ ግን ማንም እሷ ዘንድ መጥቶ አይቀመጥም ነበር። ለእኔ ለምን እንደምትነግረኝ አንድ ማታ ብጠይቃት «አንቺ ብትናገሪም ልጅ ነሽ፣ ተረት ነው ይሉሻል» ብላ ሳቀች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪና በከተማው መሐል አለፈ። የኪነት ቡድን መጥቷል፣ በቀበሌው አዳራሽ ለሰፊው ሕዝብ ትርዒት ያሳያል፣ ሴት በመጋዝ ለሁለት ትቆረጣለች ይላል። ከድጃ የያዘችውን ማሰሮ አስቀመጠች። ገላዋን ታጠበች፣ ከልብስ ሳጥኗ ሥር የደህና ቀን ቀሚሷን አወጣች፣ እጄን ይዛ እየሮጠች ነው ማለት ይቻላል ወሰደችኝና አዳራሹ ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

«ሰናይትን ታያታለሽ» አለችኝ። «ጥርሷ ፍንጭት ነው። ስትስቅ ታውቂያታለሽ።»

መጋረጃው ሲከፈት ፀጉሩ የሸበተ ሽማግሌ ወጣ፤ ጋሼ ታደለ ነበር። ከኋላው የመጣችው ልጅ ግን ገና አፍላ ናት፣ ጥርሷም ገጣጣ። ሳጥኑ ውስጥ ገባች፤ ራሷ በአንዱ ጫፍ፣ እግሯ በሌላው ብቅ አለ። ጣቶቹ ተነቃነቁ። መጋዙ ወርዶ አለፈ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም ሁሉንም እያወቅሁ ጮህሁ። ከድጃ አላጨበጨበችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጠረጴዛው ሳንቃ ብቻ ነው፤ ድመት እንኳ አይይዝም» አለችኝ።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ወደ መድረኩ ጀርባ ወሰደችኝ። ሽማግሌው ጠርሙስ ውኃ ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያያት ብድግ አለ።

«ከድጃ! አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። እንደምን ሰነበቱ?»

ጉንጯን ሳማት። እሷ ግን ዓይኗ ሳጥኑ ላይ ነበር። ክዳኑን ገልጦ አሳያት፤ እግሩ ከእንጨት የተፈለፈለ፣ ካልሲና ጫማ የለበሰ ነው፣ ሽቦ ሲሳብ ይነቃነቃል።

«ዘንድሮ አንድ ሰው ይበቃል» አላት እንደ ማፈር ብሎ።

የእንጨቱን እግር ዳሰሰችው። «ደህና ተሠርቷል» አለች። ከዚያ «ሰናይትስ?» አለች።

ጋሼ ታደለ መጀመሪያ በሩን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «አንድ ጠዋት መጥተው ወሰዷት። እናቷ ስንቅ ስታመላልስ ቆይታ በመጨረሻ ከእንግዲህ አታምጪ አሏት። ይኸው ስንት ጊዜው። አልሰማሽም እንዴ?»

«ማን ይነግረኛል ጋሼ?» አለች ከድጃ። «ጓደኛዋ መሆኔን ማን ያውቃል?»

ወደ ቤት ስንመለስ ሐይቁ ከታች ግራጫ ሆኖ ተኝቶ ነበር። አላለቀሰችም። በመንገድ ያገኘናቸው ሴቶች «ትርዒቱ እንዴት ነበር?» ሲሏት «ደስ ይላል» አለቻቸው። ያኔ ትልቅ ሰው ሳያለቅስ ሲቀር ያላዘነ ይመስለኝ ነበር።

በማግሥቱ አመሻሽ ኩራዙን ለኮሰች፣ ፍሙን ግን አልቆሰቆሰችም። ተረቱ ሲዘገይብኝ አንጋጥጬ አየኋት።

«ዛሬ አንቺ ንገሪኝ» አለችኝ።

«ምን ልንገርሽ?»

«ሰናይትን።»

በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ ግን ከድጃ ከነገረችኝ ብዙ አውቅ ነበር። አይጥ እንደምትፈራ፣ ባቡር ላይ ዘፍና ተሳፋሪውን ሁሉ እንዳስጨፈረች፣ ከድጃ ወባ ሲይዛት ራስጌዋ ቁጭ ብላ እንዳደረች፣ ጨው የበዛበት ወጥ ሠርታ ራሷ ብቻ «ጣፈጠ» እንዳለች፣ የመጣልኝን ሁሉ ነገርኋት። ከድጃ ራሷን እየነቀነቀች «እንዲህ ነበረች፣ ወላሂ እንዲህ ነበረች» ትላለች፣ እያለችም ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

አባቴ ከሐይቁ ሲመለስ እንዲህ ሆነን አገኘን። መረቡ ትከሻው ላይ እንዳለ በሩ ላይ ቆመ።

«ማን ሞተብሽ?» አላት።

«ጓደኛዬ።»

ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደሆነች፣ ምን ሃይማኖት እንዳላት አልጠየቃትም። መረቡን ደጅ አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ገብቶ መሬት ላይ ከእኛ ጎን ተቀመጠና «አላህ ያጥናሽ» አለ። ራቱን ሳይጠይቅ ብዙ ቆየ።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። የሳጥኑ ታሪክ ብዙው ተምታቶብኛል፤ የቱ ለውጥ ከየቱ እንደሚቀድም አሁን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ለቅሶ ቤት ስሄድ ግን፣ ሟቹን ባላውቀውም፣ ከተቀመጥሁበት ቶሎ አልነሣም። ከጥግ የተቀመጠ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ካየሁም አጠገቡ እሄድና ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር እጠይቀዋለሁ።