በክቦቹ ውስጥ የጻፍኳቸው ስሞች

የታሰርኩት በገዛ እጄ በሳልኩት ስዕል ነው። የመመረቂያ ዓመቴ ነበር፤ አርባ ምንጭ ላይ ተማሪ የሚታፈስበት ሰሞን። ዶርማችን ሲፈተሽ ደብተሬ ተገኘ። በመስመር የተያያዙ ሰባት ክቦች፤ በስድስቱ ውስጥ የዶርም ጓደኞቼ ስም፣ በሰባተኛው የኔ። ስለ ክሪፕቶ፣ ብዙ ኮምፒውተሮች ያለ ባንክ ተጋግዘው ስለሚያንቀሳቅሱት የኢንተርኔት ገንዘብ፣ እያነበብኩ ነበር። ለሚሠሩት ኮምፒውተሮች የሚሰጠው ክፍያ፣ ቶከኑ፣ እንዴት እንደሚከፋፈል አልገባ ቢለኝ ኮምፒውተሮቹን በሰው ስም ሰየምኳቸው። የኔ ነገር!

የታሰርንባት ክፍል ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነበር። የካቲትን አርባ ምንጭ ያሳለፈ ሙቀቱን ያውቀዋል። የምንተኛው በጎን ነበር፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። ላቡ የማን እንደሆነ አይለይም።

«የዚህ ኔትወርክ መሪ ማነው?» አለኝ መርማሪው።

«መሪ የለውም።»

«ታዲያ ማነው የሚከፍላችሁ?»

«ማንም። የሠራ ኮምፒውተር ከራሱ ከኔትወርኩ ቶከን ያገኛል። መሥራቱን ሌሎቹ ያረጋግጣሉ።»

«አትቀልድብኝ» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ነገ መሪውን ትጠቁመኛለህ። ከጠቆምክ ቤትህ ትገባለህ።»

ከጎኔ የሚተኙት በመሬት ክርክር የታሰሩ የገረሴ ሽማግሌ ነበሩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ይሄማ ደቦ ነው፣ ልጄ» አሉ። «የሠራ ይበላል፣ ቦርዴውንም ይጠጣል። ሳይሠራ ሊበላ የመጣውን አብሮ የቆፈረ ሁሉ ያውቀዋል። አለቃ ምን ያደርጋል?»

እኔ ስንት ወር የታገልኩበትን እሳቸው እግራቸውን እያሹ ጨረሱት። በዚያ ሙቀት ውስጥ ደስ አለኝ፤ የምድንበት መልስ ያገኘሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ለመርማሪው «ደቦ ማለት ነው» አልኩት። እሱም የሽማግሌው አገር ልጅ ነበርና ፈገግ አለ።

«ደቦ እኮ ጠሪ አለው» አለኝ። ደብተሩን ወደ እኔ ገፋው። «ጠሪውን አሳየኝ።»

በገዛ አፌ ተያዝኩ።

እውነቱን ልናገር። ገና ለምርመራ ሳልጠራ በልቤ ከስድስቱ አንዱን መርጬ ነበር። አባቱ ካምባ ወረዳ ውስጥ ሰው የሚሰማቸው ሰው ናቸው፤ ቶሎ ያስፈቱታል፣ ብዙም አይጎዳም ብዬ። ጣቴን ስሙ ላይ አሳረፍኩ። መርማሪው ለመጻፍ እስክሪብቶውን አነሳ። ወረቀቱን ሳይነካ ጣቴን ጎትቼ የራሴ ክብ ላይ አደረግኩት።

«የሳልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጠሪውም እኔ ነኝ።»

«ጣትህ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነበር።»

«ተሳስቼ ነው።»

ብዙ ጠየቀኝ፤ ሌላ ስም አልሰጠሁትም። ስድስቱ በዚያ ዓመት ተመረቁ። እኔ ስፈታ ሁሉም በየአገሩ ተበትኗል።

የካምባው ልጅ አሁን የልጆች አባት ነው። በተገናኘን ቁጥር «ስማችንን ያላነሳ ወንድሜ» እያለ ለሚስቱም ለእንግዳውም ያስተዋውቀኛል፤ ያቅፈኛል። እኔም አቅፈዋለሁ። ጣቴ መጀመሪያ የት እንዳረፈ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።