በዓሣው ሥር የተቀመጠ መድኃኒት

ቃለሕይወት ዓሣ ሻጭ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከብሎካችን ሥር፣ ከእኔ ሱቅ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የአርባ ምንጭ ዓሣ ይሸጣል። እኔ ሙፊዳ እባላለሁ፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ መኮሮኒ፣ ከረሜላ እሸጣለሁ። ነገር የማላሳድር ሴት ነኝ፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቀኛል። ስለ ቃለሕይወት ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ኖሬአለሁ፤ አሁን ሰዉ የመሰለውን ማውራቱን ስላላቆመ የማውቀውን ልናገር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ያደገው ጫሞ ሐይቅ ዳር ሲሆን አባቱም ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። ወደዚህ ከተማ ሲመጣ ይዞት የመጣው ሀብት ቢኖር ስለ ቅዝቃዜ ያለው እውቀት ነው። ጠዋት ሳጥኖቹ ከመኪና ሲወርዱ የዓሣውን ዓይን ያያል፣ ሆዱን በጣቱ ጫን ያደርጋል፣ በረዶው መንገድ ላይ ሳስቶ እንደሆነ ከሽታው ይለያል። «ዋናው ማቀዝቀዝ ነው ሙፊዳ፤ ሌላው ሁሉ በኋላ ይደርሳል» ይለኝ ነበር። በጾም ወራት ገበያው ይደራለታል። «አንተ ጴንጤ፣ በኦርቶዶክስ ጾም ወፈርክ አይደል?» ስለው «አንቺስ የማን በዓል ሲደርስ ነው ዘይትሽ የሚያልቀው?» ብሎ ይመልስልኛል። እንዲህ ነበርን።

ሚስቱ አስቴር ልብስ ሰፊ ናት። ያለቻቸው አንዲት ልጅ፣ ቤተልሄም፣ ከእኔዋ ሲሃም ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማሩት። ሁለቱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ያወራሉ፤ ከትምህርት ቤት አብረው መጥተው፣ አብረው ውለው፣ ምን የሚያወሩት እንደሚተርፋቸው ይገርመኝ ነበር።

ቤቲን የስኳር በሽታ የያዛት ገና ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ነው። ሰውነቷ ኢንሱሊን የሚሉትን ነገር መሥራት ስላቆመ በየቀኑ በመርፌ መውሰድ ነበረባት። የምትወጋት እናቷ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ በኋላ ግን ለመዱትና ወግታት ስታበቃ ፀጉሯን እየሠራችላት ይሳሳቁ ጀመር። መድኃኒቱ የቤታቸው ፍሪጅ በር ላይ፣ ከእንቁላሉ አጠገብ ይቀመጣል። ልጅቷም ደህና ነበረች። እንደ ማንኛዋም ልጅ ትሮጣለች፣ ትጮኻለች፣ ታስቸግራለች።

አምና ጥቅምት ላይ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ዛሬ ይሠራል ነገ ይሠራል እየተባለ መብራት ሳይመጣ ሰነበተ። የቤታቸው ፍሪጅ ሞቀ፤ ቃለሕይወትም ጭንቅ ያዘው። የሱቁ ፍሪዘር ግን እስከ አፉ በበረዶ የተሞላ ነው፤ ጄኔሬተርም ተከራይቶለታል። መድኃኒቱን በሙሉ በፌስታል ጠቅልሎ ወሰደና ከፍሪዘሩ ወለል፣ ከዓሣው ሁሉ ሥር ቀበረው። ያ ቦታ ለትልልቅ ሆቴሎች የሚሄደው ምርጡ ፊሌቶ የሚተኛበት ነው። ጤና ጣቢያ «ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት» ብለውታል። በረዶ እንዳይሆን ብለውትም ይሆናል፤ እሱ የሰማው ግን ቀዝቃዛ የሚለውን ነው። ዕድሜውን ሙሉ በረዶ ሲፈልግ የኖረ ሰው በረዶ ያበላሻል ብሎ ከየት ያስበዋል? ካለው ቦታ ሁሉ የተሻለውን ነው ለልጁ የሰጣት። መብራቱ ከተመለሰ በኋላም፣ እንደገና ቢጠፋስ ብሎ እዚያው ተወው።

አንዱ ብልቃጥ ሲያልቅ ሌላውን ይዞላቸው ይገባል። አስቴር እንደ ድንጋይ የደረቀውን በመዳፏ ጨብጣ ታቀልጠዋለች። መድኃኒቱ ጥንቱንም ደፍረስ ያለ ነጭ ነው፤ ስለዚህ መልኩን አይቶ የሚጠረጥር አልነበረም።

ቤቲ ውሃ መጠጣት አበዛች። ዩኒፎርሟ ሰፋት። ክፍል ውስጥ መተኛት ጀመረች። ጤና ጣቢያ ሲወስዷት ስኳሯ ሰማይ ነክቷል። ነርሷ «ምን በልታ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ የጠየቀ የለም። ልጅቷ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ከረሜላ ስትበላ ተይዛ ታውቃለች። አስቴር ሌላ ምን ታስብ? ቦርሳዋን መፈተሽ፣ ኪሷን መገልበጥ፣ አፏን ማሽተት ጀመረች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ እጇን ይዛ እየጎተተቻት ሱቄ መጣች።

«ሙፊዳ፣ ለልጄ ከረሜላ ትሸጫለሽ?»

«እኔ? ወላሂ አላደርገውም! ልጅሽን መርዤ የማተርፈው ምን አለ?» ብዬ ጮህኩባት።

«እስቲ አፏን አሽቺው!»

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። እውነትም ይሸታል። በጣም የበሰለ፣ ሊበላሽ የተቃረበ ፍራፍሬ ይመስላል፤ ጣፋጭ ሽታ ነው።

«ማሚ፣ በጌታ ስም አልበላሁም» አለች ቤቲ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ለከረሜላ ብለሽ የጌታን ስም አትጥሪ! እውነቱን እስክትነግሪኝ ድረስ እኔ አላናግርሽም፤ ሰማሽ?»

አስቴር ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ናት። ቃሏን ጠበቀች። ጠዋት በዝምታ ትወጋታለች፣ በዝምታ ፀጉሯን ትሠራላታለች፣ ምሳዋን በዝምታ ትቋጥርላታለች። ጨካኝ ሆና አይደለም፤ ልጄን የማድነው በዚህ ነው ብላ ነው።

ከዚያ አንድ ጠዋት ቤቲን አስታወካት። እየቃተተች በረጅሙ ትተነፍስ ነበር። ጫማዋን ልታደርግላት የተንበረከከችውን እናቷን አንገቷን ይዛ «እሺ ማሚ፣ በልቻለሁ» አለቻት። ማን ሰጠሽ ስትላት «ሲሃም» አለች። አስቴር አቅፋ ሳመቻት፤ አብረው አለቀሱ፣ አብረው ጸለዩ። በዚያው ሆስፒታል ገባች፤ በዚያው አልተመለሰችም።

የዚያን ጠዋቱን ነገር ያወቅሁት ከራሷ ከአስቴር አፍ ነው። ለቅሶ ላይ ለመጣው ሰው ሁሉ ትናገረው ነበር። «ልጄ እውነቱን ነግራኝ፣ ታርቀን ነው የሄደችው» ትላለች። ሌላ የምትጽናናበት ነገር አልነበራትም። በተናገረችው ቁጥር ግን የእኔ ልጅ ስም አብሮ ይወጣል። ሰዉ ሲሃምን በጎን ማየት ጀመረ። ክፍል ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። አንዷ «ቤቲን የገደለችው እሷ ናት» ብላ በጣቷ አሳየቻት። ልጄ ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ መቀመጥ ተወች፤ እህል አስጠላት፤ «እማ፣ እኔ አልሰጠኋትም» ከማለት በቀር ወሬ የላትም። አውቃለሁ ልጄ እላታለሁ። የእኔ ማወቅ ምን ይረባታል?

በመጨረሻ አልቻልኩም፤ ቃለሕይወት ሱቅ ገባሁ። የገና ጾም ገብቷል፤ ገበያው የሚደራበት ወቅት ነው። እሱ ግን ፍሪዘሩን ባዶ አድርጎ፣ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ክዳኑን ከፍቶ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሏል።

«ሚስትህ ያንተን ልጅ የገደለችው የእኔ ልጅ ናት እያለች ነው። ሐዘን ነው ብዬ ቻልኩ። ግን እኔም ልጅ አለችኝ! እሷንም ልቅበራት?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ልክ ነሽ» አለ ብቻ። በአጭሩ ሊሸኘኝ መሰለኝና ተሳድቤ ወጣሁ።

በማግስቱ ዙሁር ሰግጄ ስነሳ በሩ ተንኳኳ። ቃለሕይወትና አስቴር ናቸው። አስቴር ለምን እንዳመጣት አታውቅም፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ቆማለች። ሲሃም አይታቸው ወደ ጓዳ ልትገባ ስትል እሱ «አንቺም ስሚ ልጄ፤ ላንቺ ብዬ ነው የመጣሁት» አላት። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ። ቆሞ ነው የተናገረው።

«ሲሃም ምንም አልሰጠቻትም። ቤቲም ምንም አልበላችም። መድኃኒቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

አስቴር ዞራ አየችው።

«ሆስፒታል ሐኪሙ መድኃኒቱን የት ነበር የምታስቀምጡት አለኝ። ፍሪዘር ውስጥ አልኩት፤ ኮርቼ ነው የነገርኩት። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ሳለልኝ። ኢንሱሊን እንደ ክር ነው አለኝ። ክሩ በራሱ ላይ ተጣጥፎ አንድ ቅርጽ ይይዛል። ውስጡ ጠንካራ ቋጠሮ አለው፤ ግን ቅርጹን የሚጠብቁለት በአብዛኛው ትንንሽ መሳሳቦች ናቸው። ይሄኛው ጫፍ ያንን ይስበዋል፤ ውሃ የማይወደው ወገኑ ወደ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ውሃ የሚወደው ወደ ውጭ ይቀራል። አንድ በአንድ ብታያቸው እዚህ ግቡ የማይባሉ ደካሞች ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚይዙት። ውሃው በረዶ ሲሆን ግን ለራሱ ይሰበሰባል፤ ክሩን ብቻውን ይተወዋል። ያን ጊዜ ቋጠሮው ሳይበጠስ ደካሞቹ ይለቃሉ። የተሸሸገው ይወጣል፤ አንዱ ክር ከሌላው ጋር ይጣበቃል። ሲቀልጥ ውሃው ውሃ ይሆናል፣ ክሩ ግን ወደ ቦታው አይመለስም። ሰውነት ደግሞ መድኃኒቱን የሚያውቀው በቅርጹ ነው፤ በር ቁልፉን እንደሚያውቀው። የወጋሻት ቁልፍ አልነበረም አስቱ። እንዳይከፍት አድርጌ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ።»

እኔ ግማሹን ገባኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። ሰውዬው ግን ቃል በቃል ሸምድዶታል፤ ስንት ጊዜ ለብቻው ሲለው እንደኖረ አላህ ይወቅ። ትናንት የሰደብኩትን ስድብ ሁሉ ይዤ ቆሜ ነበር፤ አንዱንም መድገም አልቻልኩም። አሳዘነኝ። ልጄን አስለቅሶ እንኳ አሳዘነኝ።

አስቴር ቁጭ አለች። «ሽታውስ?» አለች። «አፏ ይሸት የነበረው?»

«ከረሜላ አይደለም። ስኳሩ ደሟ ውስጥ ሞልቶ ሰውነቷ መጠቀም ሲያቅተው የራሱን ስብ እያቃጠለ ነበር፤ ያ ነው የሚሸተው አለኝ። ተርባ ነበር አስቱ። እኛ በላሽ እያልን እሷ ተርባ ነበር።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ታርቀን ነው የሄደችው ስትዪ እሰማ ነበር። ያንን እንዴት ልቀማሽ?» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ደግሞ ፈራሁሽ።»

እንደምትጮኽበት፣ እንደምትመታው ጠብቄ ነበር። ልገላግል ሁሉ ጠጋ ብዬ ነበር። እሷ ግን ያሰበችው ስለ እሱ አልነበረም። ግንባሯን ቋጥራ፣ ነገር እንደጠፋበት ሰው ወለሉን ታይ ጀመር።

«ግን በልቻለሁ ብላኛለች እኮ» አለች። «በራሷ አፍ። ካልበላች ለምን በልቻለሁ ትለኛለች?»

ልጄ ከጓዳው በር ላይ ሆና መለሰችላት።

«እንዲያናግሯት ብላ ነው፣ እትዬ አስቴር። ማሚ ናፈቀችኝ ትለኝ ነበር።»