ከቡሄ በኋላ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም። ጾም መግደፌን፣ በሐሰት መማሌን፣ በወንድሜ ርስት መጎምጀቴን ሁሉ እግራቸው ሥር ወድቄ ነግሬያቸዋለሁ። ይህችን ግን በየዓመቱ እስከ ጉሮሮዬ አመጣትና መልሼ እውጣታለሁ። እሳቸው ዐረፉ። እኔም ሸመገልሁ። እንግዲህ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገር።

በጣሊያን ጊዜ አስተርጓሚ ነበርሁ። ደብረ ማርቆስ የቆሎ ተማሪነቱን ትቼ ከአንድ ነጋዴ ጋር አስመራ ወርጄ ነበርና ቋንቋቸውን እዚያ ለቅሜያለሁ። ጠላት አገሩን ሲይዝ ለአንድ ጣሊያን የመንገድ ሹም አፍ ሆኜ ተቀጠርሁ። ባንዳ ብትሉኝ አልከራከርም። የምናዘዘው ግን እሱን አይደለም።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ሲቆረጥ ገንዘብ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሲፈርስ ግን ለማደሻ የሚሆን ሰባራ ሳንቲም ጠፋ። መንገድ ማለት የሣር ክዳን ማለት ነው፤ በየዓመቱ ካልደረቡበት ያፈሳል። ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የደብረ ማርቆሶቹ አለቆች ግን አያውቁም ነበር፤ ወይም ማወቅ አልፈለጉም። ሹሙ ጠጠር ይፈልጋል፣ የቦይ ድንጋይ ይፈልጋል፣ ለቀን ሠራተኛ ደመወዝ ይፈልጋል። ይጽፋል። ደብዳቤውን በበቅሎ የማደርሰው እኔ ነኝ። መልሱን ይዤ የምመለሰውም እኔ ነኝ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ገንዘብ የተያዘው ለአዲስ ሥራ ነው፣ ላለቀ ሥራ የተያዘ የለም። ጎርፍ በልቶት አፉን የከፈተ መንገድ እንዴት ብሎ ያለቀ ሥራ ይባላል? ስንት ጊዜ በዝናብ ተደብድቤ ይህንኑ ወረቀት እንዳመላለስሁ እኔና በቅሎዋ እናውቃለን።

ጣሊያን ከገባ በሦስተኛው ክረምት፣ ሐምሌ እንደጀመረ፣ ከአምበር አለፍ ብሎ ያለው ቁልቁለት ተቆርጦ ሄደ። መሬቱ ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይውጣል። የጭነት መኪኖች ወዲያና ወዲህ ቆሙ። ሹሙና እኔ በሚያፈስ ድንኳን ውስጥ ሰነበትን። ልብሴ ሳይደርቅ ስንት ቀን እንደለበስሁት አላስታውስም። ከደብረ ማርቆስ የመጣው መልስ ያው የለመድነው ነበር፤ በመጨረሻው ላይ ብቻ፣ ከአገሬው ሰው ጋር ተስማምተህ አስጠግነው የሚል ተጨምሮበታል። በምን ይስማማ? በባዶ እጁ?

የአካባቢው ሽማግሌዎች ተጠሩ። የሚናገሩላቸው አያ ቢሻው የሚባሉ፣ በአጥቢያው የተከበሩ ገበሬ ነበሩ። ስማቸው የሚባል ልጃቸውም አብሯቸው መጥቷል። በዚያው ዓመት ያገባ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አራሽ ጎልማሳ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ተከራከሩ። ገበሬዎቹ ጠገራ ብር አሉ። ሹሙ ብሩ ቀርቶ የወረቀቱ ሊሬም የለኝም አለ። የአንዱን ለሌላው ሳቀብል ምላሴ ደረቀ። ገበሬዎቹም ሰለቹኝ፣ ሹሙም ሰለቸኝ፣ ዝናቡም ሰለቸኝ። መኪና ቢያልፍ ተሳፍሬ ደብረ ማርቆስ ደረቅ መደቤ ላይ ልተኛ፤ ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ሹሙ ተስፋ ቆረጠ። ለመጨረሻ ጊዜ ጠይቃቸው አለኝ። እንቢ ካሉ መንገዱ እስከ መስከረም ዝግ ነው ብሎ እንደሚጽፍ፣ ያለ ገንዘብ የተተወ መንገድ ምን እንደሚሆን አለቆቹ በዓይናቸው ቢያዩት ደስ እንደሚለው ነገረኝ። ልብ በሉልኝ። ሰውየው አላስገደደም። እኔንም አላስፈራራኝም።

አያ ቢሻው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመካከሩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እንዲህ በልልን። ያለ ክፍያም ቢሆን እንሠራለን። ግን ከቡሄ በኋላ ይሁን። አሁን የጤፍ ዘር ነው። መንገዱ መስከረምም ይጠገናል፤ ጤፍ ግን ከሐምሌ ወዲያ ቀጠሮ የለውም።»

እኔ ለሹሙ የነገርሁት ግማሹን ነው። ያለ ክፍያ እንሠራለን ብለዋል አልሁት። ከቡሄ በኋላ የሚለውን ዋጥሁት።

ሹሙ አላመነኝም። መቼ ሲል ጠየቀኝ። ነገ አልሁ። የዘር ጊዜ አይደለም ወይ አለኝ። እንደምንም እንችለዋለን ብለዋል አልሁ። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። አፌ አመለጠኝ እንዳልል፣ አፍ የሚያመልጠው አንዴ ነው።

ከዚያ ወደ አያ ቢሻው ዞሬ፣ ሹሙ ቀን አልሰጥም ብሏል አልኋቸው። ከነገ ጀምሮ ያልወጣ ሰው በሬው ይነዳል ብሏል አልኋቸው። ይህን ማን አለ? እኔ አልሁ። በሹሙ አፍ አላለፈም፤ ከኔ ከራሴ ወጣ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተስ ምን ታደርግ፤ ደክመህልናል። እግዜር ይስጥልን።»

ሊሰድቡኝ ይገባ ነበር። መረቁኝ።

በማግስቱ ሰዉ ወጣ። ድንጋይ በትከሻ፣ አፈር በቁርበት፣ ቅጠልና ጭራሮ በሸክም እያመጡ ያንን ጉድጓድ ይሞሉት ጀመር። በስምንተኛው ቀን አንድ መኪና አለፈ። የመጀመሪያው ተሳፋሪ እኔ ነበርሁ። እነሱ ግን በሬያቸው እንዳይነዳ ፈርተው ከመንገዱ አልተለዩም፤ ቀን የሞሉትን ማታ ጎርፍ እየወሰደው እንደገና ይሞሉታል። እኔ መደቤ ላይ ሆኜ ዝናቡ ጣራውን ሲመታ ሰምቻለሁ። አላሰብኋቸውም። በቡሄ ማግስት ትልቅ ጎርፍ ወርዶ የሞሉትን በሙሉ ጠራርጎ ወሰደው። ጠጠር ያልለበሰ፣ የድንጋይ ቦይ ያልተበጀለት መንገድ በምን ይቁም? ያ ሁሉ ጉልበት ለጥቂት ቀን መኪናና ለኔ ደረቅ መኝታ ፈሰሰ።

በሚቀጥለው ክረምት መንገዱ እዚያው ቦታ ላይ ተቆረጠ። ሹሙ ጻፈ። እኔ አደረስሁ። መልሱን ታውቁታላችሁ። ተመልሰን አምበር ስንደርስ አያ ቢሻውን መንገድ ዳር አገኘኋቸው። ከስተዋል። ስለ ልጃቸው ጠየቅሁ። በጃቸው ወደ ማሳው ዳር አመለከቱኝ። ስማቸው ሁለት በትር ተደግፎ እየመጣ ነበር። ጉልበቶቹ እርስ በርሳቸው ይፋጫሉ። ተረከዙ መሬት አይነካም፤ በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ጤፉ ሳይዘራ ቀረ። አራት ጊዜ የታረሰውን ማሳ አረም ዋጠው። መስከረም ላይ በርጥቡ ጓያ ጣሉበት። ሌላ እህል ስላልነበረ ቂጣውም ጓያ፣ ወጡም ጓያ፣ ንፍሮውም ጓያ ሆነ። ጓያ ሲበዛ እግር እንደሚሰብር ያውቃሉ፤ ግን የራበው ሰው ምን ይምረጥ? ስማቸው የቤቱን ሥራ ሁሉ የተሸከመ ስለሆነ ብዙ የበላው እሱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከመደብ ሊነሣ ሲል እግሩ እንቢ አለው። በአጥቢያው እንደሱ የሆኑ ሌሎችም ነበሩ።

«ያ ጣሊያን ከቡሄ በኋላ ስንለው እሺ ቢል ምን ነበረበት?» አሉኝ።

«ጨካኝ ነው» አልኋቸው።

እንዲህ አልሁ። በዚህ አፌ። ሹሙ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ጉድጓዱን ይለካ ነበር። አያ ቢሻው ወደ እሱ አይተው መሬት ላይ ተፉ። ሹሙ ሽማግሌው ምን እያሉ ነው ሲል ጠየቀኝ። ዝናቡን እየረገሙ ነው አልሁት። ሁለቱም በኔ አፍ እየተነጋገሩ፣ አንዱ የሌላውን ቃል ሰምቶ አያውቅም።

ጣሊያን ወጣ። እኔም ውሎ አድሮ በራሳችን መንግሥት የመንገድ ሥራ ቤት ጸሐፊ ሆንሁ። መንግሥት ሲለወጥ ደብዳቤው አልተለወጠም። ለማደሻ የተያዘ ገንዘብ የለም። ስንት ክረምት ይህንኑ ቃል በገዛ እጄ እንደጻፍሁ ብነግራችሁ ትታክታላችሁ። እኔ ታክቻለሁ። ታክቼም ተጠልዬበታለሁ፤ ጥፋቱ የገንዘብ እጦት ነው፣ ጥፋቱ የአለቆች ነው፣ ጥፋቱ የጠላት ነው እያልሁ። እውነት ነው፣ ገንዘብ ቢኖር ገበሬ ባልተለመነ። ግን የሰው ቃል ከመካከሉ ቆርጠህ ጣል ያለኝ የገንዘብ እጦት ነው? የደከመው ሁሉ፣ የሰለቸው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል?

አያ ቢሻው እስኪሞቱ ድረስ እንደመረቁኝ ኖሩ። ልጃቸውን ስማቸውን ከብዙ ዓመት በኋላ ይጁቤ ገበያ አገኘሁት። ተቀምጦ ገመድ ይሸጣል። ሚስቱ ትታው ወደ ወላጆቿ ከሄደች ቆይታለች። ሲያየኝ በትሩን ይዞ ሊነሣልኝ ሞከረ። ትከሻውን ይዤ አስቀመጥሁት። አጠገቡ ላሉት ሰዎች ዞሮ፣ «ይህ ሰው ያኔ ለአባቴ የተከራከረላቸው ነው» አላቸው። ሰዎቹ በአክብሮት ተመለከቱኝ። አሁን ልናገር ብዬ አፌን ከፈትሁ። የወጣልኝ ገመዱ ስንት ነው የሚል ብቻ ነው።

ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፤ የተሰበረው የእናንተ እግር አይደለም። ስማቸው ዛሬም በሕይወት አለ፤ ከአምበር በላይ በአባቱ ቤት ይኖራል። ከደብረ ማርቆስ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በዚህ ሰሞን መንገዱም ደህና ነው። እስካሁን አልሄድሁም።