አሞሌ የገባበት ባሕር

አያ ቅጣው ስለ ጨው ተሳስተው አያውቁም። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ በጉብዝናቸው ከአፋር ጨው ሜዳ እስከ ሰቆጣ ገበያ በበቅሎ አሞሌ እየጫኑ ተመላልሰዋል። ዛሬም ዓይናቸው ደክሞ፣ አንድን አሞሌ በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው ምላሳቸው ላይ ከነኩት ዝናብ ያገኘውን ካላገኘው ይለዩታል። ስለዚህ ያን ሰሞን ጥፋቱን ያጠፉት ባለማወቅ አይደለም። በማወቅ ነው፤ እሱም ባሰ።

እኔ ደረሰ እባላለሁ፤ ሰቆጣ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የምኖረው የአያ ቅጣው ልጅ ፍቅርአዲስ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አኔሞን የሚባለውን የባሕር እንስሳ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምሬአለሁ። በአንድ እግሩ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፣ በአፉ ዙሪያ ጣት የመሰሉ ክንዶች አሉት እላለሁ፤ ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ። እሱ ቀርቶ ባሕሩንም አይቼ አላውቅም ነበር። ፍቅርአዲስ ከጅዳ ስትመለስ ግን፣ ሌላው ተመላሽ ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ሲያግዝ፣ እሷ ያንን እንስሳ ውሃ በሞላ ላስቲክ አድርጋ ይዛው መጣች።

የባሕር አበባ ትለዋለች። ስምንት ዓመት በሠራችበት ቤት ሳሎን ውስጥ የነበረ ነው፤ የቤቱ አሮጊት ሲሞቱ ልጆቻቸው ሊጥሉት ሲሉ ለምና ወሰደችው። እዚህ አምጥታ መቶ ሊትር በማይሞላ የመስታወት ገንዳ አኖረችው። የዝናብ ውሃ አጣርታ፣ በሰው በሰው በምታስመጣው የባሕር ጨው ታዋህድለታለች። በሳምንት ሁለት ቀን የተከዜ ዓሣ እንደ ምስር ፍሬ አድቅቃ ታጎርሰዋለች። "በዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ያዝዘኝ ነበር፤ እኔን የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነበር" ብላኛለች አንዴ።

አያ ቅጣው ለዓይናቸው ሕክምና ከፃግብጂ መጥተው እሷ ዘንድ ሦስት ወር ተቀምጠዋል። በሦስት ወር ውስጥ ስለ ጅዳ አንዲት ቃል አልጠየቋትም። ፍቅርአዲስ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳትሰናበት ነው የሄደችው፤ በአፋር በረሃ፣ በእግሯ፣ ከደላላ ጋር። አባትና ልጅ የሚያወሩት ስለ ዓይን ጠብታውና ፃግብጂ ስለቀረው በሬ ነው። ደግሞ ስለ ባሕር አበባው። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ፊት በርጩማቸውን ስበው ይቀመጡና "እንግዳዋ እንዴት አደረች?" ይላሉ። ልጅቱን መጠየቅ ሲያቅታቸው እንስሳውን እንደሚጠይቁ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ ጽጽቃ ያለች አክስቷ አርፋ ፍቅርአዲስ ሦስት ቀን ለቅሶ ሄደች። ስትሄድ ገንዳው ላይ የለጠፈችውን ቀይ ፕላስተር አባቷን በእጃቸው አስዳሰሰቻቸው። "አባዬ፣ ውሃው ከዚህ ሲወርድ ከጀሪካኑ የዝናብ ውሃ ይሙሉበት፤ ሌላ ምንም አይንኩ።"

በማግሥቱ አያ ቅጣው ወደ ክፍሌ መጡ። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር።

"መምህር፣ ይኸ የባሕር ውሃ ጨው ነው አይደል?"

"ጨው ነው።"

"የጎደለውም ጨው ውሃ ነዋ።"

"አዎ፣ አያ ቅጣው" አልኩ፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።

ፀሐይ ከገንዳ የምትወስደው ውሃውን ብቻ ነው፤ ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። ይኼንን ለሰባተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ሄደው ከጓዛቸው ያስቀመጡትን አሞሌ ፈልጠው፣ በድንጋይ ወቅጠው፣ ከጀሪካኑ ውሃ ጋር በጥብጠው ጨመሩ። ሁለት ቀን ጨመሩ። ልጃቸው በላስቲክ ታሽጎ በምታስመጣው ጨው ሲስቁ ነው የኖሩት፤ ለእንግዳ ደግሞ ጨው አይሰሰትም።

ሐሙስ ጠዋት ፍቅርአዲስ ከነአቧራዋ ገባች። ነጠላዋን ሳታወርድ መስታወቱ ጋ ሄደችና ስሜን ጠራች። የባሕር አበባው፣ ተዘርግቶ ሰሐን ያክል የነበረው፣ ቡጢ አክሎ ተኮማትሯል። እግሩ ከድንጋዩ ለቋል፤ አፉ ተከፍቶ ቀርቷል። የጨው መለኪያዋን አወጣች። ሠላሳ አምስት ማለት ነበረበት፤ አርባ አራት አለ።

"ጨው የጨመረ ማነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ አያ ቅጣው። የተረፈውን አሞሌ አምጥተው ዘረጉላት። "ንጹሕ ነው፤ ዝናብ ያልነካው።"

ጨውን አየችው፣ አባቷን አየቻቸው፣ ፊቷን ወደ መስታወቱ መለሰች። ሽማግሌው ዱላቸውን ፈልገው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ጓዛቸውን ሲያስሩ ሰማሁ። ወጥተውም "መምህር፣ ዛሬ ወደ ፃግብጂ የሚወጣ መኪና አለ?" አሉኝ። እንዲህ አንገታቸውን ደፍተው ከሄዱ አይመለሱም። ዓይናቸውም ይጠፋል፤ እነዚህ ሁለት ሰዎችም ያንን እንስሳ ካጡ የሚነጋገሩበት ነገር የላቸውም።

"አዎ ያልኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ። "ጠይቀውኝ ነበር።"

ፍቅርአዲስ ዞራ እንኳ አላየችኝም። "አሁን ንጹሕ ውሃ በአንዴ ብንገለብጥበት ይሞታል" አለች። "አንድ ስኒ ማውጣት፣ አንድ ስኒ መጨመር፤ በየግማሽ ሰዓቱ፤ ሦስት ቀን። ከሸተተ አልቆለታል።"

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኩ። ዝም ብል ምን ነበረበት።

አያ ቅጣው ጓዛቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል። "በረሃ የመታው ሰው እንደዚያ ነው" አሉ ድንገት። "ጨው ሜዳው ላይ ወድቆ ያገኘኸውን ሰው ውሃ እንዲጠግብ አትሰጠውም፤ ትገድለዋለህ። ከንፈሩን ታረጥባለህ። ትጠብቃለህ። ደግሞ ታረጥባለህ።" ጓዙን መሬት ላይ አስቀምጠው በርጩማቸውን ሳቡ። "ስኒውን አምጪው።"

የፕላስተሩ መስመር አይታያቸውም፤ እጃቸው ግን ጠብታ አያፈስም። እኔ በስልኬ ሰዓት እይዛለሁ፤ እሳቸው ግን ስልኩን አላመኑትም፣ በመቁጠሪያቸው ይቆጥራሉ። ሐሙስ ሲመሽ መለኪያው አርባ አንድ ደረሰ፤ እንስሳው አልተነቃነቀም። ዓርብ ነጭ ልጋግ ለበሰ። ፍቅርአዲስ አፍንጫዋን ውሃው ድረስ አቀረበች።

"አልሸተተም" አለች።

ዓርብ ማታ ሠላሳ ስምንት። በሁለት ቀን ውስጥ አባትና ልጅ የተለዋወጡት "አውጪ" እና "ይጨምሩ" የሚል ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ስድስት ሆነ። አያ ቅጣው ስኒውን እንደያዙ ፊታቸውን ከመስታወቱ ሳያነሱ ጠየቁ።

"አንቺንስ፣ ያን በረሃ ስትሻገሪ፣ ውሃ የሰጠሽ ሰው ነበር?"

ፍቅርአዲስ ከመለኪያው ቀና አለች።

"ነበር፣ አባዬ። ሦስተኛው ቀን ላይ ወድቄ ነበር። አንድ የአፋር ሰው በኮዳው ክዳን እየለካ ሰጠኝ። ብዙ ስለምነው ይከለክለኝ ነበር። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።"

"ደግ አደረገ። ያውቃል" አሉ። መቁጠሪያቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ አንከባለሉ። "እኔም ወርጄ ነበር። በሄድሽ በአራተኛው ቀን ሰምቼ። እስከ ጨው ሜዳው ጫፍ ወርጄ አምስት ቀን ጠየቅኩ። ትጠማለች ብዬ ሁለት ኮዳ ውሃ ይዤልሽ ነበር።" ስኒውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። "ሳይነካ፣ እንደ ሞላ፣ ይዤው ተመለስኩ።"

ፍቅርአዲስ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጉልበታቸውን አቅፋ አለቀሰች። እሳቸውም ነፃ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ።

በዚያው ቅጽበት ከተኮማተረው እንስሳ ጎን አንድ ክንድ ወጥቶ በውሃው ውስጥ ሲዘረጋ አየሁ፤ ቀጥሎም ሌላ። ሊነግሯቸው የሚገባ ነገር ነበር፤ ላቋርጣቸው ግን አልፈለግኩም። ስልኬም ሰዓቱ መድረሱን ጮኸ። አጠፋሁትና ስኒውን ከሽማግሌው እጅ ቀስ አድርጌ ወስጄ፣ የዚያን ተራ ውሃ እኔ ጨመርኩ።