ታንኳ የገባበት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ

ዜና ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የመንገድ ምረቃውንም የፍርድ ቤት ውሎውንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የምዘግበው። ይሁንና አንድ የአራተኛ ክፍል የአማርኛ ትምህርት ልቤን ያዘለለውን ያህል ያዘለለው ሥራ አላስታውስም።

የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ አምቦ እናታችን ቤት ነበርኩ። ታናሽ እህቴ የመምህራን ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ጉደር ባለ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ ማስተማር ትለማመዳለች። ዓርብ የኮሌጁ መምህር መጥቶ ሊገመግማት ነው። ካላለፈች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም።

"ጋሼ፣ ና እይልኝ" አለችኝ፣ ከፌስታል ውስጥ የልጆች መጻሕፍት አልጋዬ ላይ እየዘረገፈች። ልጆች በመጽሐፍ ውስጥ የራሳቸውንም የሌላውንም ሰው ኑሮ ማየት አለባቸው ብለው ኮሌጅ አስተምረዋታል፤ እሷም ከየሰዉ እየተዋሰች ሰብስባለች። ዓይነ ስውር ልጅ ያለበት ታሪክ አለ፣ ሻሽ ያሰረች የባለሱቅ ልጅ አለች፣ ባሮ ወንዝ ላይ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ ቤተሰብ አለ።

"ይህ ዘዴ መሥራቱን በምን ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ጋዜጠኛ! ገና ሳይጀመር ማስረጃ!"

ማክሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ጉደር ሄድን፤ እኔ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ልጆቹ የሚማሩት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ክፍለ ጊዜ ግን ከአማርኛ ሌላ መናገር አይፈቀድም። ደግሞ የለመዱት መምህሩ ያለውን በኅብረት መድገም ነው።

"አንዲት ልጅ ነበረች" ብላ ማንበብ ጀመረች።

"አንዲት ልጅ ነበረች!" አለ ክፍሉ በሙሉ።

"አይ፣ አትድገሙ፤ ስሙኝ ብቻ።"

"አይ፣ አትድገሙ፤ ስሙኝ ብቻ!"

ሳቄን በማስታወሻ ደብተሬ ጋረድኩ። ትልቁ ጥፋት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፊት ለፊት አንዲት ዝምተኛ ልጅ ተቀምጣለች፤ ወላጆቿ ከደቡብ መጥተው መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ሙስሊሞች ናቸው። እህቴ የባለሱቁን ልጅ ሥዕል ወደ እሷ አዞረችና "አየሽ? ልክ እንዳንቺ!" አለቻት። የክፍሉ ዓይን ሁሉ ዞረ። ልጅቷ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ዴስኩ ላይ ተደፋች። ደወሉ እስኪደወል ቀና አላለችም።

"ደስ እንዲላት ብዬ እኮ ነው" አለች እህቴ ስንመለስ።

"ሰው ፊት ጠቆምሽባት" አልኳት።

አምቦ ደርሰን ባጃጅ ውስጥ ስንገባ እንዲህ አለችኝ፦ "ከእንግዲህ እኔ አልመርጥላቸውም። መጽሐፉን ራሳቸው ያንሱ።"

ዓርብ ገምጋሚው መጣ፤ ሽበታም፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ከእኔ ጎን ተቀምጦ የግምገማ ቅጹን ዘረጋ። እህቴ መጻሕፍቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ልጆቹን በየተራ ጠራች። ዝምተኛዋ ልጅ ባለሻሿን አልፋ ባለታንኳውን አነሳች።

"ታንኳ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?" አለቻት እህቴ ቀስ ብላ።

"አላውቅም። ለዚያ ነው ያነሳሁት።"

ይህን ስሰማ እስክሪብቶዬ ቆመ። ሁለታችንም ልጅቷ የምትፈልገው ራሷን ማየት ብቻ መስሎን ነበር።

እህቴ ያንኑ ታሪክ ጮክ ብላ አነበበች፤ በዚህ ጊዜ የደገመ አልነበረም። ሥዕሉ ላይ አባትየው ቆሞ ይቀዝፋል። አያቶቹ ወንጪ የሚኖሩ አንድ ልጅ ብድግ አለ።

"ውሸት ነው! እኔ የወንጪን ሐይቅ በጀልባ ተሻግሬያለሁ። የቆመ ሰው ይወድቃል!"

"አንተ ፈሪ ስለሆንክ ነው" አለች ዝምተኛዋ።

ክፍሉ ተናወጠ። ግማሹ ከልጁ፣ ግማሹ ከልጅቷ ጋር ወገነ፤ ክርክሩ ወዲያው ወደ ኦሮምኛ ዞረ። "ላኪ! ላኪ!" ይላሉ፣ አይደለም ማለታቸው ነው። ልጅቷ መጽሐፉን አፍንጫው ሥር ደቅና በኦሮምኛ ታጣድፈዋለች። የሱቅ ልጅ ናት፤ ክርክር የዕለት ሥራዋ ነው።

ገምጋሚው ብዕሩን አነሳ። እህቴ አየችው። "ዝም በሉ" ብትል ደንቡ ይከበራል፣ ክርክሩ ግን እዚያው ይሞታል። ካላለች ምርቃቷ ሊቀር ይችላል።

"እሺ!" አለች እጇን አጨብጭባ። "እኔ ዳኛ ነኝ። አሁን ክሳችሁን በአማርኛ አስረዱኝ።"

ልጁ አግዳሚው ላይ ወጥቶ እየተወዛወዘ አወዳደቁን አሳየ። ልጅቷ "ሐይቅና ወንዝ አንድ አይደለም" አለች። "ሰውየው ሁልጊዜ ይቀዝፋል። እግሩ... እግሩ..."

"ለምዷል!" አለ አንድ ከኋላ፣ ቃሉን አቀብሎ።

"አዎ፣ ለምዷል!"

ከዚያ በኋላ እጅ ያላወጣ ልጅ አላየሁም። ደወሉ ሲደወል የሚሰማው እንኳ አልነበረም።

ገምጋሚው እህቴን በሩ ላይ አቆማት።

"ልጄ፣ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ኦሮምኛ ሰምቻለሁ።"

"አዎ፣ መምህር።"

"ጫጫታም ነበር።"

"ነበር፣ መምህር።"

"ሥርዓት ላይ ነጥብ ቀንሼብሻለሁ፤ ደንብ ነው።" ቅጹን አጠፈ። "አልፈሻል። ሌሎቹን ልምምድ ላይ ያሉ የኮሌጅ ተማሪዎች አምጥቼ እንዲያዩሽ ማድረግ እፈልጋለሁ።"

እህቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። ገምጋሚው ሁለት እርምጃ ሄደና ዞር አለ።

"ያ ታንኳ ላይ የቆመው ሰውዬ ግን ይወድቃል። እኔም የወንጪ ልጅ ነኝ።"

"አይወድቅም!" የሚል የዝምተኛዋ ልጅ ቀጭን ድምፅ ከክፍሉ ውስጥ መለሰለት።